ቅድመ አያቴ ሃይማኖቱን ሸጠ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። በአባቴ በኩል ያሉ ዘመዶቼ ግማሾቹ ሙስሊም፣ ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። ዘራችን ሲቆጠር እንድሪስ የሚባል ሰው አለ፤ ልጁ ወልደ ሚካኤል ነው። የወልደ ሚካኤል ልጅ ደግሞ ይማም ይባላል። በቅርቡ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ የሩቅ ዘመድ «የእናንተ ሰው እኮ በዐፄ ዮሐንስ ጊዜ ለሹመት ብሎ ሃይማኖቱን የሸጠ፣ ቀን ሲያልፍለት ደግሞ የከዳ ነው» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ የተጠመቁት ሰዎች አምነው ነው ወይስ ፈርተው? ከዳተኛስ ሊባሉ ይገባል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዘመድሽን ብዙ አትቀየሚው። ወሎ ውስጥ በሃይማኖት መቀላለድ የዘመድ ወግ ነው። የማይዋደድ ሰው እንዲህ አይደፋፈርም። ግን ከተረቡ ውስጥ ሁለት ነገር ነጥዬ ላሳይሽ፤ «ሃይማኖቱን ሸጠ» እና «ከዳ»። ዛሬ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። አንደኛው ከፈጣሪ ጋር ያጣላል፣ ሌላው ከሰው ጋር። የወልደ ሚካኤል ዘመን ሰው ግን ይህን ልዩነት ብታስረጂው ግራ ይጋባል።

ቋንቋችንን ተመልከቺ። ሃይማኖትን እምነት እንለዋለን። ጌታውን የማይጥለውን ሰው ደግሞ ታማኝ እንለዋለን። ሥሩ አንድ ነው። ከሃዲ ስንል ፈጣሪን የካደም አገሩን የከዳም አብረው ይመጣሉ። «ባለ ማተብ ነው» ካልን ቃሉን አይበላም ማለታችን ነው። ይህ እንዲሁ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ያኔ ሠራዊት የሚታሰረው በደሞዝ አልነበረም። በመሐላ ነበር። ባላባት ለንጉሥ ሲገባ ይምላል፤ የሚምለው ደግሞ በሚፈራው ነገር ነው። በወንጌል የማይምል ባላባት ለክርስቲያን ንጉሥ ቋጠሮው የላላ ገመድ ነው። ዐፄ ዮሐንስን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ገመድ ነበር።

እስቲ ወደ ቦታው እንሂድ። ቦሩ ሜዳን ታውቂዋለሽ፤ ከደሴ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ፣ ዛሬ በሆስፒታሉ የሚታወቀው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠሩ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት ላይ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ገብተውላቸዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ደግሞ ግብፅ ሁለት ጊዜ ጦር አዝምታ ጉንደትና ጉራ ላይ፣ ሁለቱም በ1868 ዓ.ም.፣ ተሸንፋለች። ተሸንፋም አልተነቀለችም። ምጽዋ በእጇ ነው፣ ሐረርን ይዛለች። ከዮሐንስ ድንኳን ሆነሽ ካርታውን ስታዪው ወሎ ያለው በትግራይና በሸዋ መሃል ነው። ብዙው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ፈረሰኛውም ዝነኛ ነው። ግብፅ ነገ ብትመለስ ይህ ፈረስ ለማን ይሮጣል? ንጉሡን ያሰጋቸው ይህ ነበር። ስጋቱ እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው። የወሎ ሰው ተነስቶ ለግብፅ ሲሰለፍ አልታየም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ቦሩ ሜዳ ላይ መጀመሪያ የተገደዱት ክርስቲያኖች ናቸው። ጉባኤው የተጠራው የካራ፣ ማለትም የሁለት ልደት፣ እና የጸጋ ሊቃውንት በክርስቶስ ልደት ነገር ተከራክረው አንዱ እንዲረታ ነበር። የጸጋ፣ ማለትም የሦስት ልደት ሰዎች ተረቱ፤ ሃይማኖታችሁን አስተካክሉ ተባሉ። እምቢ ብለው ምላሳቸው የተቆረጠ እንዳሉም ይነገራል። ስለዚህ ነገሩን «ክርስቲያን ሙስሊሙን አስገደደ» ብሎ መዝጋት ግማሹን መተው ነው። ንጉሡ አንድ መንግሥት፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ መሐላ ፈለጉ። በመንገዳቸው የቆመ ሁሉ ተገፋ። በርግጥ የበለጠው ሸክም በሙስሊሙ ላይ ነው የወደቀው፤ ይህን ማለሳለስ አይገባም። ሹማምንቱ በወራት ውስጥ ተጠመቁ ወይ ሹመት ልቀቁ ተባሉ። ለተራው ሙስሊም 3 ዓመት ተሰጠ። ባልተጠመቀው ሰው ቀበሌ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል፤ ለካህኑም የሚከፍለው እሱው ነው።

ከተጠመቁት ሁሉ ታላላቆቹ ሁለት ናቸው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባለ፤ በኋላ ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል የሆነው። ተቀናቃኙ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባለ። አሁን ልብ በይ። የመሐመድ ዓሊ የክርስትና አባት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። የአባ ዋጠው የክርስትና አባት ምኒልክ ናቸው። የክርስትና አባት ማለት ደግሞ ያኔ ሻማ ይዞ የሚቆም እንግዳ አልነበረም። ዘመድ ነው፣ ዋስ ነው፣ ጌታ ነው። ሁለት የወሎ ባላባቶች በአንድ ሰሞን አንድ ጥምቀት ተጠምቀው አንዱ የትግራይ ልጅ፣ አንዱ የሸዋ ልጅ ሆነው ወጡ። ታማኝነትን አንድ ያደርጋል የተባለው ውሃ ለሁለት ከፈለው። እኔ ስለዚያ ዘመን ማጥናት ከጀመርኩ ጀምሮ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ መጻሕፍቱ ግን በአንድ መስመር ያልፉታል።

ወደ ተራው ሰው እንውረድ፤ ቅድመ አያትሽ ምናልባት እዚያ ነው ያለው። ጌታው ሲጠመቅ ጭፍራው ይከተላል። ጭፍራው ሲከተል ሚስትና ልጅ ይከተላሉ። 50 ሺህ ሙስሊምና ግማሽ ሚሊዮን ኦሮሞ ተጠመቀ የሚል ቁጥር በመጻሕፍት ይዞራል። እኔ አላምነውም። መዝገብ በሌለበት ማን ቆጠረ?

ከቁጥሩ ይልቅ ሥጋው ብዙ ይነግርሻል። አዎ፣ ሥጋ። በአገራችን ሰው ሃይማኖቱን የለወጠው መቼ ነው ብትዪ፣ ሕዝቡ የሚያየው ውሃውን አልነበረም፤ ማዕዱን ነበር። «ቢስሚላሂ» ተብሎ የታረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ «በስመ አብ» ተብሎ የታረደውን ሙስሊም አይበላም። ቡና እንኳ ያኔ የሙስሊም ነገር ተብሎ በካህናቱ ይነቀፍ ነበር። ስለዚህ ማተብ አንገት ላይ ቢታሰርም ገና ነው። ግብር ሲበላ፣ ከበሬው ሙዳ ተቆርጦ እጅሽ ላይ ሲደረግና ሰው ሁሉ ሲያይሽ፣ ያኔ ነው ያለቀው።

ከዓመታት በፊት ቃሉ ወረዳ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቤት አድሬ ነበር። ስለ አያታቸው አባት ሲያወጉኝ ሰውየው ቀን ጌታው ግብር ላይ ይበላ ነበር አሉ። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በራፍ ላይ ውሃ ይዛ ትጠብቀዋለች። አፉን ሰባት ጊዜ ተጉመጥምጦ ይሰግዳል። «ታዲያ ሙስሊም ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው። ሽማግሌው ቡናቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ረሀብተኛ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም ሳቁ። ቀልዳቸው ይሁን እውነታቸው እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም የሚለው ነገር የአፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ካርዲናል ማሳያ የሚባለው ጣሊያናዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊም ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ሲወጡ ጥምቀቱን ለማስነሳት ቀጥ ብለው ወደ መስጊድ ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። እንግዲህ ማሳያን ስታነቢ ቂሙንም አብረሽ አንብቢ። ዐፄ ዮሐንስ ራሱን ማሳያን ከሸዋ አስባረውታል። ቢሆንም የጻፈው በየቤቱ ከሚነገረው ጋር ይገጥማል።

ሁሉም ግን እንደዚያ አላደረገም። በሸህ ጦልሃ የሚመራ አመፅ ተነስቶ በ1870ዎቹ ወሎን አናወጠው። ሌላው አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ መተማ። መተማ የሄደው ከድርቡሽ፣ ማለትም ከሱዳኑ የመሐዲ ጦር ጋር ተገናኘ። ምጸቱ ይታይሽ። ንጉሡ ሙስሊሙ ለጠላት ያድራል ብለው ፈርተው አስገደዱት፤ ያስገደዱት ሰው ጠላት ዘንድ ሄደ። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠለ። ዐፄ ዮሐንስም መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በድርቡሽ ጥይት ወደቁ። የሞታቸው ሰበብ ቦሩ ሜዳ ነው አልልሽም፤ የድርቡሽ ጦርነት የራሱ ብዙ ምክንያት አለው። ግን ዐዋጁ ታማኝ እንዳላበዛላቸው ግልጽ ነው።

የቀረው፣ ማለትም ብዙው ሰው፣ እዚያው ኖረ። አርሶ፣ ገብሮ፣ ልጅ ድሮ። ለእሱ የሚሆን መውጫ ሁለቱም ሃይማኖቶች አስቀምጠው ነበር። ይህ ለጥያቄሽ ዋና ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በእስልምና በኩል ቁርኣን፣ ሱረቱ አን-ነሕል 106ኛው አንቀጽ ላይ፣ ልቡ በእምነት የረጋ ሆኖ ተገድዶ በአፉ የካደን ሰው ከቁጣው ለይቶ ያወጣዋል። የወሎ ዑለማ ይህን ያውቁታል። የተከራከሩት እዚህ ላይ ነበር፤ ይሰደዱ፣ ይዋጉ ወይስ ልባቸውን ይዘው ይቀመጡ። ሦስቱንም ያደረገ አለ።

በክርስትናም በኩል እንዲሁ ነው። ከግራኝ ጦርነት፣ ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ከነበረው ዘመን በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ ትልቅ ራስ ምታት ገጠማት። በጦርነቱ ብዙ ክርስቲያን፣ አንዳንዱ በሰይፍ አንዳንዱ በጥቅም፣ ሰልሟል። ግራኝ ወይና ደጋ ላይ ሲሞት ያ ሁሉ ሰው ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመ። ምን ይደረግ? ዳግመኛ ማጥመቅ አይቻልም፤ ጥምቀት አንዲት ናት። ስለዚህ መጽሐፈ ቄደር ተዘጋጀ። ለተመላሾች ጸሎት የሚደገምበት፣ ውሃ የሚረጭበት ሥርዓት ነው። ዛሬም ድረስ ካህናት ይጠቀሙበታል። እንግዲህ አስቢው፤ ተመላሹ እንዲህ ባይበዛ ኖሮ ለመመለሻው መጽሐፍ ባላስፈለገ። «እኛ ዘር ማንዘራችን ሃይማኖቱን ለውጦ አያውቅም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ይህን መጽሐፍ አስብና ዝም እላለሁ።

ከዚያው ጦርነት አንድ ሰው ልጨምርልሽ። አባ ዕንባቆም ይባላል። ከየመን የመጣ ሙስሊም ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠመቀ፣ መነኮሰ፣ እስከ ደብረ ሊባኖስ እጨጌነት ደረሰ። ለግራኝ በቁርኣን ቋንቋና በቁርኣን ጥቅስ ተከራክሮ አንቀጸ አሚንን የጻፈለት እሱ ነው። ይህን ያህል የሄደ ሰው እንኳ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ታማኝነቱ ተጠርጥሮ ተግዟል። የመጣበት አልተረሳለትም።

እሱን ያመጣሁት የንጉሥ ሚካኤልም ፍጻሜ እሱን ስለሚመስል ነው። ሚካኤል ከተጠመቀ በኋላ የሚጠበቅበትን ሁሉ አደረገ። አመፀኛ ዘመዶቹን ወጋ። ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ዐፄ ዮሐንስ ሲሞቱ ለምኒልክ ገባ፣ ልጃቸውን ሸዋረጋን አገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዞ ማርያም ሸዊቶ ላይ በጣሊያኑ ጄኔራል በዳቦርሚዳ ጦር ላይ ወረደ። ያ ፈረስ ለማን ይሮጣል የተባለው ጥያቄ እዚያ ተመለሰ። ከፈረሰኛው ውስጥ ማተብ ያሰረውም ያላሰረውም እንደነበር አትጠራጠሪ። የዚያን ቀን ማንም አንገቱን አላየለትም።

ግን ጥያቄው አልተመለሰም ነበር። የሚካኤልና የሸዋረጋ ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱ የምኒልክ ወራሽ ሆነ። ሐረርጌ እየተመላለሰ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ሲወዳጅ ሰለመ ተባለ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢያሱ ለቱርክ ያደላል ብለው መኳንንቱን ይገፋፋሉ። ለመስለሙ ከቀረበው ማስረጃ ከፊሉ ወሬ፣ ከፊሉም የተቀነባበረ እንደሆነ ብዙ የታሪክ ሰዎች ይስማማሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል፣ ከሥልጣን ወረደ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። አየሽ፣ እንደገና መሐላ።

ሚካኤል ምን ያድርግ? ክርስቲያን ከሆነ 40 ዓመት ሊሞላው ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ልጁን አውግዛለች። በአንድ በኩል የክርስትና መሐላው፣ በሌላ በኩል የአብራኩ ክፋይ። ልጁን መረጠ። ጦሩን ይዞ ወደ ሸዋ ወረደ። ከፊቱ የቆሙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው በጦር ተማርከው የመጡ ኦሮሞ ናቸው፣ ሀብተ ጊዮርጊስም የተጠመቁበት ስማቸው ነው። ከኢያሱ ጋር ነኝ እያሉ በደብዳቤ ሚካኤልን አዘናግተው ጊዜ እንደገዙ ይነገራል። ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ሁለቱ ተጠማቂዎች ተጋጠሙ። ሚካኤል ተማረከ፣ በሰንሰለት ታስሮ አዲስ አበባ ገባ፣ በግዞት ላይ እንዳለም አረፈ። ያን ጊዜ ከሸዋ አፍ የወጣው ስድብ ለቅሶ ቤት የሰማሽው ነው። ድሮም እስላም! ዐድዋም፣ ያሠራቸው አብያተ ክርስቲያናትም አላዳኑትም።

ስለዚህ «አምነው ነው ወይስ ፈርተው?» ላልሽው የኔ መልስ፣ ጥያቄው ራሱ የተጠማቂውን ልብ የመክፈት ሥልጣን ለሌላ ሰው ይሰጣል የሚል ነው። ዐፄ ዮሐንስም የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ የሰገሌ አሸናፊዎችም፣ የለቅሶ ቤቱ ሰውዬም። በልቡ ምን እንደነበረ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኛ ማየት የምንችለው ያደረገውን ነው። በግድ የተያዘ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ከዳ ለማለት እኔ አፌን አይሞላውም። የተገደደ ቃል ውል አይሆንም፤ ሽማግሌም ፊት ብትሄጂ፣ ሸሪዓም ብትሄጂ፣ ፍርድ ቤትም ብትሄጂ። ለሹመት ብሎ አውቆ የገባ፣ ከገባም በኋላ ጎረቤቱን ያስገደደ ሰው ደግሞ ነበር፤ እሱን አላሞግስም። ያንቺ ሰው የትኛው እንደሆነ ከስሙ ብቻ አይታወቅም።

ስለ ስሙ ካነሳን አንድ ስህተት ላርም። «ይማም ስለተባለ ተመልሶ ሰለመ» ብለው ከሆነ የከዳ ያሉት፣ መሠረት የለውም። ወሎ ውስጥ ስም ሃይማኖት አያሳይም። ማተብ ያሰረ ይማም፣ እንድሪስና ሰይድ ሞልቷል። ደሳለኝና ታደሰ የሚባል ሙስሊምም እንዲሁ። ወልደ ሚካኤል ክርስቲያን ሆኖ ኖሮ ሞቶ፣ ልጁን ግን በአባቱ አገር ወግ ይማም ብሎት ሊሆን ይችላል። ወይም የተጠመቀው ጌታው ሚካኤልን ተከትሎ ነው፤ «ወልደ ሚካኤል»ም ከዚያ መጥቶ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ ግን በሌላ ስም ይጠራ ነበር። የመጽሐፍ ስምና የቤት ስም ሁለት መሆኑ ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም።

ማጣራት ከፈለግሽ መንገዱ ይኸው። ስሙን ተዪውና የተቀበረበትን ጠይቂ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው ወይስ የሙስሊም መቃብር? ሲሞት ተዝካር ወጣለት ወይስ ሰደቃ? ሁለቱም ነው ቢሉሽ አትደነቂ፤ ልጆቹ የተለያየ ሃይማኖት ከነበራቸው ያጋጥማል። ርስቱን ማን ወረሰው? ከይማም ጋር የተወለዱት ሌሎች ልጆች ምን ተባሉ? ይህን ሁሉ የሚያውቁት ወንዶቹ ሽማግሌዎች ሳይሆኑ አክስቶችሽ ናቸው። ወንዶቹ ሹመቱን ያስታውሳሉ፤ አክስቶችሽ ግን ማን ከማን ጋር በአንድ ትሪ ይበላ እንደነበር ያስታውሳሉ። ቶሎ ሂጂ፤ አክስቶች ያልቃሉ።

ደሴ ስትሄጂ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ያሠራውን የግብር አዳራሽ እግረ መንገድሽን እዪው። የስንቱ እጅ በየትኛው ሥጋ ይጠረጠር በነበረበት ዘመን ተሠርቶ ስሙ «አይጠየፍ» ነው።